ራዳር ጠቋሚ በድሬዳዋ ሱቅ፦ ለሾፌር ይሸጥ ወይስ ለአቅራቢው ይመለስ?

ጉዳዩ የተነሣው ድሬዳዋ፣ ከዚራ አካባቢ ባለ አንድ የመኪና ኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ነው። ሱቁ ቴፕና ስፒከር፣ የኋላ ካሜራ፣ የመስታወት ስቲከር፣ የወንበር ልብስ፣ አምፖልና ፊዩዝ ይሸጣል፤ ገጣሚውም ደጃፍ ላይ ይሠራል። አንድ አቅራቢ 20 ራዳር ጠቋሚ (የትራፊክ ፖሊስ የፍጥነት ራዳር መኖሩን ለሾፌሩ በድምፅ የሚያስጠነቅቅ ዕቃ) የያዘ ካርቶን ይዞ መጣ። ውሉ ቀላል ነበር፦ ቅድሚያ ክፍያ የለም፤ የተሸጠው ይከፈላል፣ ያልተሸጠው ይመለሳል። ከአንዱ የሚገኘው ትርፍ ደግሞ ከኋላ ካሜራ ትርፍ በእጅጉ ይበልጣል። ባለሱቁ ካርቶኑን ወዲያው አልደረደረም። ዕቃውን፣ ገዢውንና ሕጉን ለማጣራት ጊዜ ወሰደ።

አቋማችንን ከወዲሁ እንናገር። ይህ ዕቃ በድሬዳዋ ሱቅ መደርደሪያ ላይ ሊቀመጥ አይገባውም። በአብዛኛው ለገዢው የተባለለትን አያደርግለትም። ባደረገለት ጊዜ ደግሞ ሒሳቡን የሚከፍለው ሌላ ሰው ነው።

በመጀመሪያ የተጣራው የገዢው ማንነት ነበር። የቤት መኪና የያዘ ሰው ስለዚህ ዕቃ ብዙ አይጠይቅም፤ ባጃጅ በሞላበት ከተማ ውስጥ የሚሮጥበት ቦታም የለውም። የሚጠይቁት መስመር ላይ የሚውሉት ናቸው፦ የሐረር ሚኒባሶች፣ ወደ ደወሌ የሚወርዱ የጭነት መኪናዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጫት የሚያመላልሱ አይሱዙዎችና ፒካፖች። ጫት በሰዓት የሚረክስ ዕቃ ነው። ከአወዳይ ወደ ጅግጅጋና ቶጎ ውጫሌ የሚሄደው ጭነት ዘግይቶ ከደረሰ ዋጋው ይወድቃል፤ ኪሳራውም ዞሮ ዞሮ ሾፌሩ ላይ ያርፋል። ስለዚህ "አቦ፣ ይሄ ነገር ትራፊኩን ከሩቅ ይነግርሃል ወይ?" ብሎ የሚጠይቀው ሰው የሚፈልገው መንገድ ላይ ሳይቆም በፍጥነት መሄድን ነው። መጥፎ ሰው ስለሆነ አይደለም፤ የሥራው ውል የሚገፋው ወደዚያ ነው። ሻጩ ግን ዕቃውን ለማን እየሸጠ እንደሆነ ማወቅ አለበት።

አሁን ወደ ዕቃው እንግባ። ራዳር ጠቋሚ በራሱ ምንም የማይልክ ሬዲዮ ተቀባይ ነው። የትራፊክ ፖሊስ የፍጥነት ራዳር ማይክሮዌቭ ይልካል፤ ሞገዱ መኪናው ላይ ነጥሮ ሲመለስ ድግግሞሹ በመኪናው ፍጥነት ልክ ይቀየራል። ለምሳሌ በ24.15 ጊጋኸርዝ የሚሠራ ራዳር በሰዓት 60 ኪሎሜትር ወደ እሱ ከሚመጣ መኪና የሚያገኘው ልዩነት 2,680 ኸርዝ ገደማ ነው፤ ፍጥነቱን የሚያሰላውም ከዚያ ነው። ጠቋሚው ይህን ሒሳብ አይሠራም። ሞገዱ መኖሩን ብቻ ሰምቶ ይጮኻል። ነጥሮ ወደ ፖሊሱ የሚመለሰው ሞገድ ስለሚደክም፣ የሚሄደውን በቀጥታ የሚቀበለው ጠቋሚ ከራዳሩ ቀድሞ ሊሰማ ይችላል። የዕቃው ጥቅም በሙሉ በዚህ ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ልዩነቱ የሚሠራው ግን ራዳሩ ያለማቋረጥ በርቶ ሲቆይ ብቻ ነው። በእጅ የሚያዘውን መሣሪያ ፖሊሱ አጥፍቶ ይቆማል፤ የፈለገው መኪና ሲቀርብ ቁልፉን ይጫናል፤ አንድ ሰከንድ ሳይሞላ ንባቡ ይወጣል። ጠቋሚው በዚያው ቅጽበት ይጮኻል፣ ነገር ግን ፍጥነቱ ተመዝግቧል። ከዚህ መትረፍ የሚቻለው ፖሊሱ ከፊት የሚሄድን ሌላ መኪና ሲለካ ሞገዱ ወደ ኋላ ከደረሰ ነው። ከፊት መኪና በሌለበት ጭር ያለ መንገድ ላይ ይህ ዕድል የለም።

ሌዘር ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የሌዘር መለኪያ በ905 ናኖሜትር አካባቢ በማይታይ ብርሃን ይሠራል፤ ጨረሩ በ300 ሜትር ርቀት ላይ ስፋቱ አንድ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ፖሊሱ ወደ ታርጋው ወይም ወደ መብራቱ ያነጣጥራል፤ መስታወት ላይ ወደተለጠፈው ጠቋሚ የሚደርስ ብርሃን ላይኖር ይችላል። ከደረሰም መለኪያው በግማሽ ሰከንድ ውስጥ ሥራውን ጨርሷል። ካርቶኑ ላይ "ሌዘር" ተብሎ መጻፉ እንግዲህ ለሾፌሩ የሚሰጠው ነገር የለም።

በካርቶኑ ላይ "360 ዲግሪ፣ 16 ባንድ" ይላል። በፖሊስ ራዳር የሚታወቁት ዋና ባንዶች (የድግግሞሽ ክልሎች) ሦስት ናቸው፦ ኤክስ (10.525 ጊጋኸርዝ)፣ ኬ (24.15 አካባቢ) እና ኬኤ (ከ33.4 እስከ 36)። የቀረው ቁጥር የሚመጣው አንዱን ባንድ በስልት ስም ደጋግሞ በመቁጠር ነው። ድምፁ በሩሲያኛና በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ውስጡ ያለው የካሜራ ቦታ ዳታም የሌላ አገር መንገድ ነው። አንድ ሻጭ ይህን ሁሉ ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አይጠበቅበትም። አውቶማቲክ በር የሚከፍቱ ትናንሽ ሰንሰሮች የሚሠሩት በ10.525 ወይም በ24.125 ጊጋኸርዝ ነው፤ ሁለቱን በየተራ በ5 ቮልት ማስነሣት፣ ጠቋሚውን ከ12 ቮልት አዳፕተር ጋር ማገናኘት፣ ከ2 ሜትር ጀምሮ እያራቁ መሞከር በቂ ነው። ከዚያ ፈተና ሁለት ነገር ይታወቃል። አንደኛው፣ ዕቃው የትኛውን ባንድ በእርግጥ እንደሚሰማ። ሁለተኛውና ለእኛ የበለጠው፣ የበር ሰንሰርን ከፖሊስ ራዳር ለይቶ የማያውቅ መሆኑ ነው። አውቶማቲክ በር ባለው ባንክ ወይም ሆቴል ደጃፍ ባለፈ ቁጥር ይጮኻል። በጎን የሚመጣ መኪናን የሚጠቁም 24 ጊጋኸርዝ ሰንሰር ያላቸው አዳዲስ መኪናዎች አጠገቡ ሲያልፉም ይጮኻል። ሾፌሩ በሦስተኛው ቀን ድምፁን ይዘጋዋል፤ ከዚያ በኋላ ዕቃው መስታወት ላይ የተለጠፈ ጌጥ ነው።

ባለሱቁን ከሁሉ በላይ ያሳሰበው ግን የኤሌክትሪኩ ጉዳይ ነበር። የዚህ ዕቃ መሰኪያ ለ12 ቮልት የተሠራ ነው፤ ዋነኞቹ ጠያቂዎች የሚነዱት አይሱዙ ደግሞ 24 ቮልት ነው። ሾፌሩ ሲጋራ መለኮሻው ላይ ሲሰካው የመግቢያው ካፓሲተር ወይም ቮልቴጅ መቆጣጠሪያው ይቃጠላል፤ አንዳንዴም መሰኪያው ራሱ ቀልጦ የዳሽቦርዱን ፊዩዝ ይዞ ይሄዳል። ከ24 ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ካልተገጠመ፣ በመስመሩም ላይ 2 አምፔር ፊዩዝ ካልገባ መሸጥ ማለት ተቃጥሎ እንዲመለስ መላክ ማለት ነው። ሙቀቱም አለ። ድሬዳዋ ላይ ቀትር ላይ ፀሐይ ውስጥ የቆመ መኪና ዳሽቦርዱ ከ60 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ የመስታወት መምጠጫው ይለቃል፣ ሊትየም ባትሪ ያለው ዕቃ ደግሞ ያብጣል። የብረት ቅንጣት ያለው የመስታወት ስቲከር ከተለጠፈ ማይክሮዌቩን ስለሚያደክም የመስሚያ ርቀቱ ይቀንሳል። ይህን ስቲከር የሚለጥፈው ያው ሱቅ መሆኑን ልብ ይሏል።

ዕቃውን ትቶ መንገዱን ማየትም ያስፈልጋል። ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደው መንገድ ከ1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ተነሥቶ በደንገጎ ጠመዝማዛ ወደ 2,000 ሜትር ይወጣል፤ ደንገጎ ላይ አንዱ ወደ ሐረማያና አወዳይ፣ ሌላው ወደ ቁልቢና ጭሮ ይገነጠላል። ማይክሮዌቭ እንደ ብርሃን ቀጥ ብሎ የሚሄድ በመሆኑ ተራራውን አልፎ አይመጣም። ከመታጠፊያ ጀርባ የቆመ ራዳር የሚሰማው መኪናው ሲዞር ነው፤ ያኔ ፖሊሱም መኪናውን አይቶታል። ደንገጎ ላይ የሚገድለውም የራዳር ጉዳይ አይደለም። ቁልቁለቱን በከፍተኛ ማርሽ እየወረዱ ፍሬን ደጋግሞ በመርገጥ የፍሬን ሸራ ይግላል፣ የፍሬን ዘይት ይፈላል፣ ፔዳሉ ወለል ይነካል። ሾፌሩን ማዳን የሚፈልግ ዕቃ ሻጭ ሊያስብበት የሚገባው ይኼኛው አደጋ ነው።

ወደ ደወሌ የሚወርደው 220 ኪሎሜትር የክፍያ መንገድ ግን የተለየ ነው። ሽንሌን አልፎ ሜዳ ነው፣ ቀጥ ያለ ነው። በርቶ የቆመ ራዳር ካለ ጠቋሚው ከአንድ ኪሎሜትር በላይ ቀድሞ ሊሰማ ይችላል። ዕቃው "ሠራ" የሚባልበት ቦታ ይህ ነው፤ እንዳይሸጥ የሚያደርገው ትልቁ ምክንያት ያለውም እዚሁ ነው። መንገዱን ግመል፣ ፍየልና አህያ ያቋርጡታል፤ እረኛም አብሮ ይሻገራል። ጠቋሚው ስለ ግመል አይጮኽም። ሾፌሩ ዝምታውን "መንገዱ ነፃ ነው" ብሎ ይተረጉመዋል፤ ፍጥነቱንም በዚያ ልክ ያደርገዋል።

የማቆሚያ ርቀቱን በቁጥር እንየው። በሰዓት 80 ኪሎሜትር የሚሄድ የተጫነ መኪና በሰከንድ 22 ሜትር ይጓዛል። ሾፌሩ አይቶ እግሩን ፍሬን ላይ እስኪያደርስ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ ጭነቱ ቢከብደውም ደህና አድርጎ የሚይዝ ፍሬን ቢኖረው ለመቆም በድምሩ 85 ሜትር ገደማ ይፈልጋል። በ100 ከሆነ በዚያው ፍሬን 125 ሜትር ይደርሳል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚጠቅሰው ስሌት ደግሞ አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ ሲጨምር ሰው የሚሞትበት አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ገደማ እንደሚጨምር ነው። ጠቋሚው ሲጮኽ የሚመጣው ድንገተኛ ፍሬንም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው፤ ከኋላ ተጠግቶ የሚከተል ሚኒባስ ወይም ባጃጅ ምክንያቱን ሳያይ ይገባበታል።

"ቢያንስ ሲጮኽ ፍጥነት ይቀንሳል፤ ይህ ራሱ ደህንነት ነው" የሚል ክርክር አለ። በከፊል እውነት ነው፤ ፖሊሱ የቆመበት ጥቂት መቶ ሜትር ላይ ይቀንሳል። ድምፁ ሲጠፋ መልሶ ይረግጣል። ቁጥጥር የሚጠቅመው ሾፌሩ የት እንደሚለካ ባለማወቁ መንገዱን ሁሉ በልኩ ሲነዳ ነው፤ ጠቋሚው የሚያፈርሰውም ይህንኑ ነው።

ሌሎች አገሮች በዚህ ላይ አንድ አልሆኑም። በብሪታንያ በ1998 እ.ኤ.አ. ፍርድ ቤት ራዳር መስማት በራሱ የሬዲዮ ሕግን መጣስ አይደለም ብሎ ከወሰነ ወዲህ መጠቀም ይፈቀዳል። በአሜሪካ በአብዛኞቹ ግዛቶች ለቤት መኪና ተፈቅዷል፤ በቨርጂኒያ መጠቀምም መሸጥም ክልክል ነው። ፈረንሳይ መያዙንም መሸጡንም ትቀጣለች። ለድሬዳዋ የሚቀርበው ግን የአሜሪካ ፌዴራል ደንብ ነው፤ ከ1994 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ4,536 ኪሎ በላይ በሆኑ የንግድ መኪናዎች ላይ ጠቋሚ መያዝ ተከልክሏል። ለቤት መኪና ያልከለከለው መንግሥት ለጭነት መኪና የከለከለው በምክንያት ነው፤ ክብደቱና ፍጥነቱ ሲደመሩ የሚጎዳው ሰው ስለሚበዛ። እዚህ ያለው ጠያቂ ደግሞ አብዛኛው የንግድ መኪና ሾፌር ነው።

ለነጋዴ ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ያለው በጀርመን ነው። እዚያ መጠቀም ክልክል ነው፤ የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2005 እ.ኤ.አ. የራዳር ጠቋሚ ሽያጭ ውል ከመልካም ጠባይ ውጭ ስለሆነ ፈራሽ ነው አለ። በ2009 ደግሞ ያው ፍርድ ቤት ከርቀት የገዛ ሸማች ውሉ ፈራሽ ቢሆንም እንኳ ዕቃውን መልሶ ገንዘቡን መውሰድ ይችላል ብሎ ወሰነ። ሻጩ ዕቃውም ገንዘቡም በአንድ ላይ የሚያከራክርበት ቦታ ላይ ቆመ ማለት ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ ባለሱቁ ያደረገው ጥሩ ነገር "በስሙ የሚከለክል አንቀጽ አለ ወይ?" በሚል ጥያቄ ብቻ አለመቆሙ ነው። አቅራቢውን ሁለት ወረቀት ጠየቀው። የመጀመሪያው የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ነው፤ ቀረጥ ያልተከፈለበት ዕቃ በዐዋጅ ቁጥር 859/2006 የኮንትሮባንድ ጉዳይ ነው፣ መደርደሪያው ላይ የተገኘበትም ሰው ተጠያቂ ይሆናል። ሁለተኛው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የዓይነት ማረጋገጫ ነው፤ መሥሪያ ቤቱ የተቋቋመው በዐዋጅ ቁጥር 1148/2011 ሲሆን የሬዲዮ መሣሪያዎችን የሚፈትሸው እሱ ነው። አቅራቢው ሁለቱንም አላቀረበም። "ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሸጠው" የሚል መልስ ብቻ ነበረው። ለእኛ ጉዳዩ እዚህ ላይ ሊዘጋ ይችል ነበር።

በካርቶኑ ውስጥ ሌላም ነገር ነበር። ከ20ዎቹ መካከል ጥቂቶቹ "ማወኪያ" የሚል ተጨማሪ ቁልፍ ነበራቸው። ጠቋሚና ማወኪያ አንድ ቤተሰብ አይደሉም። ጠቋሚ ይሰማል፤ ማወኪያ የራዳሩን ንባብ ለማበላሸት ራሱ ሞገድ ይልካል። ያለፈቃድ ሞገድ መላክ የሬዲዮ ስፔክትረም ጥፋት ነው፤ ጠቋሚን የምትፈቅደው አሜሪካ እንኳ ማወኪያን ትከለክላለች። ገጣሚ ልጅ እንዲህ ያለውን ዕቃ ከመክፈቱ በፊት ቁልፉን አይቶ መለየት መቻል አለበት፤ ገጥሞ ከሰጠ በኋላ "አላወቅሁም" ማለት አይጠቅመውም።

የሸማቾች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 813/2006ም ይመለከተዋል። ጉድለት የተገኘበትን ዕቃ ገዢው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት መጠየቅ ይችላል። "ከቅጣት ያድናል" ተብሎ የተሸጠ ዕቃ ይዞ የተቀጣ ሾፌር ሲመለስ ሻጩ ምን ይላል? ሐሰተኛ ማስታወቂያ የሚለው ክስ ራሱ ሻጩ በተናገረው ቃል ይጸናል። ያልተሸጠውን የሚወስደው አቅራቢ ተሽጦ የተመለሰውን እንደሚወስድ ደግሞ ውሉ ውስጥ አልተጻፈም። ትርፉ ከፍ ያለው ለዚህ ነው፤ ስጋቱ በሙሉ ወደ ባለሱቁ ተገፍቷል።

"እኔ ካልሸጥሁ ታይዋን ገበያ ይሸጠዋል" የሚለው የታወቀ መከራከሪያ እዚህም ተነሥቷል። ሊሸጥ ይችላል። ልዩነቱ ግን አለ፤ ገጣሚ ያለው፣ ደረሰኝ የሚሰጥ፣ ሾፌሩ የሚያምነው ሱቅ ሲሸጠው ዕቃው "የተረጋገጠ" ይመስላል። ያንን እምነት ያገኘው ቤት ቃሉን ለዚህ ዕቃ ሊያውል አይገባም።

ውሳኔው መመለስ ሆነ። መልሱ ግን "የለንም" በሚል ቃል ብቻ አልቀረም፤ የሚመጣው ሾፌር የሚፈራው ነገር እውነተኛ ስለሆነ በምትኩ የሚሸጥለት ነገር ተመረጠ። የመጀመሪያው በጂፒኤስ ፍጥነት የሚያሳይና ከተሞላለት ገደብ ሲያልፍ የሚጮኽ ማሳያ ነው፤ ከ12 እስከ 24 ቮልት የሚቀበለውን ብቻ መያዝ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሾፌር የሚቀጣው የፍጥነት ጌጁ ስለሚዋሸው ነው። ሚኒባስ ላይ የነበረውን 205/70 አር 15 ጎማ ፈትቶ 215/75 አር 15 የገጠመ ሰው የጎማው ዙሪያ በ5 በመቶ ገደማ አድጎበታል፤ ጌጁ 80 ሲል እውነቱ 84 ነው። ለማጣራት ሜዳ ላይ ጌጁን 60 ላይ አጽንቶ ረዳቱ የስልኩን ጂፒኤስ እንዲያነብ ማድረግ ይበቃል፤ ሾፌሩ ራሱ እየነዳ ስልክ አያይም።

ሁለተኛው መኪናው ውስጥ ተገጥሞ ጉዞውን የሚቀርጽ የመንገድ ካሜራ ነው። "ያለ ጥፋቴ ተቀጣሁ" የሚል ሾፌር ፍጥነቱና ሰዓቱ የተጻፈበት ቪዲዮ ቢይዝ በአቤቱታው የሚያቀርበው ነገር አለው። ለድሬዳዋ ሙቀት በሊትየም ባትሪ የሚሠራውን ትቶ በካፓሲተር የሚሠራውን መምረጥ ግድ ነው። ሦስተኛው ርካሹ ነው፦ በደንገጎ ለሚመላለስ ሚኒባስ ጥራቱ የታወቀ የፍሬን ዘይት። ዶት 3 እና ዶት 4 የዘይቱ ደረጃዎች ናቸው፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ቢያንስ 230 ዲግሪ ድረስ ሳይፈላ መቆየት አለበት፤ እርጥበት ሲጠጣ ግን ሁለቱም ይወርዳሉ። ስለዚህ በሁለት ዓመት ውስጥ መቀየር፣ የተከፈተ ጣሳን ደግሞ ከመደርደሪያ ማንሣት ያስፈልጋል።

ካርቶኑ ሲመለስም በአፍ ብቻ አልተመለሰም። 20ዎቹ ዕቃዎች ተቆጥረው፣ የተከፈቱት ሁለቱ ተለይተው፣ ማወኪያ ያላቸው ተጠቅሰው በሁለት ቅጂ ተጻፈና አቅራቢው ፈረመ። ፍተሻ ቢመጣ ዕቃው ሱቁ ውስጥ ለምን እንደነበርና መቼ እንደወጣ የሚያስረዳው ይህ ወረቀት ነው። ገጣሚውም ገዢው ራሱ ይዞት የመጣን ጠቋሚ እንዳይገጥም ተነግሮታል፤ ሳይሸጡ መግጠም ያው ነውና።

ለከተማው የትራንስፖርትና የንግድ ቢሮዎች የምናቀርበው ጥያቄ አለ። በሕዝብና በጭነት መኪና ላይ ራዳር ጠቋሚ መያዝን በስም የሚከለክል መመሪያ ይውጣ፤ ያለ ዓይነት ማረጋገጫ የሚሸጥ የመኪና ሬዲዮ ዕቃ ሲያዝ ለባለሱቁ ዝርዝር ደረሰኝ ይሰጠው፤ የጂፒኤስ ፍጥነት ማሳያና የመንገድ ካሜራ ከጠቋሚ ተለይተው በመመሪያው ውስጥ ይጠቀሱ። የመጨረሻው ካልተጻፈ ተቆጣጣሪው መስታወት ላይ ያየውን ሁሉ ይነቅላል፤ ሾፌሩን በልኩ እንዲነዳ የሚረዳው ዕቃም አብሮ ይወሰዳል።